ለተጠራ እንግዳ የተሰጠ ቃል

አንድ መንግሥት የዐዋቂ ሠራተኛ እጥረት ሲደርስበት ከውጭ አገር ሰው መጥራቱ ከጥንት የነበረ ነገር ነው። ደጁን መክፈትና መዝጋትም የባለአገሩ ሥልጣን መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ተጠርቶ በገባ ሰው ላይ፥ ከገባ በኋላ ውሉን መለወጥ ይገባልን? ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ በእንግሊዝ አገር የተነሣው ክርክር ስለዚሁ ነው።

በዚያ አገር በነበረው ደንብ፥ በሥራ ፈቃድ የገባ ዐዋቂ ሠራተኛ 5 ዓመት ከሠራ በኋላ የዘወትር መኖሪያ ፈቃድ ለመጠየቅ ይችል ነበር። በግንቦት 2017 ዓ.ም. መንግሥቱ ይህ ዘመን 10 ዓመት እንዲሆን ዐሳብ አቀረበ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. የአገር ግዛት ሚኒስትሯ ሻባና ማሕሙድ ዝርዝሩን ሲገልጹ፥ ሽማግሌና ሕመምተኛ ለሚጦሩት ሠራተኞች 15 ዓመት፥ ደመወዛቸው እጅግ ከፍ ላለው ግን 3 ዓመት እንዲሆን፤ ይኸውም አስቀድመው በገቡት ላይ ጭምር እንዲጸና ዐሳቡን አቀረቡ።

የደጋፊዎቹ ቃል ከንቱ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ወደ አገሪቱ የገባው ሰው ከወጣው ከ900,000 በላይ በልጦ ነበርና፥ መኖሪያ ቤቱና ሐኪም ቤቱ እንዳይጠብ ማሰብ የመንግሥት ግዴታ ነው። ነገር ግን ይህ ገና በሚመጣው ላይ ደንብ በማጥበቅ ሊፈጸም ይችላል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጧሪ ሠራተኞችን ከውጭ አገር መቅጠር መከልከሉ ለዚህ ምስክር ነው።

አስቀድሞ የገባው ግን ንብረቱን ሽጦ፥ ልጆቹን ይዞ፥ 5 ዓመት ብሎ ቈጥሮ የመጣ ነው። ፈቃዱም ከአሠሪው ጋራ የታሰረ ነው፤ ከሥራው ቢወጣ ሌላ አሠሪ ፈልጎ እንዲያገኝ የሚሰጠው ጊዜ በልማድ 60 ቀን ብቻ ነው። እንግዲህ የጥበቃውን ዘመን ማርዘም፥ ሠራተኛው በደል ሲደርስበት በፍርሃት ዝም የሚልበትን ዘመን ማርዘም ነው።

የእንግሊዝ ዳኞችም እንዲህ ያለውን ነገር አስቀድመው መርምረውታል። በ1999 ዓ.ም. መንግሥቱ ቀድመው በገቡ ዐዋቂዎች ላይ ደንቡን ቢያጠብቅ፥ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2000 ዓ.ም. ሲጠሩ የተነገራቸው ደንብ እንዲጠበቅላቸው ፈረደ።

አባቶቻችን «ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ብለዋል። ዐዲሱ ደንብ ለዐዲስ መጪ ይሁን፤ ለቀደመው ግን የቀደመው ውል ይጽና። ዛሬ ለእንግዳው ቃሉን ያጠፈ መንግሥት፥ ነገ ሐኪምና መሐንዲስ ቸግሮት ሲጣራ አቤት የሚለው አያገኝም።