የሰባት ዶላሯ ኖት

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሱቅ ገብታችሁ የሰባት ብር ኖት መልስ ቢሰጧችሁ ምን ትላላችሁ? እኔ ብሆን “ፎርጅድ ነው” ብዬ እመልስ ነበር። ፊጂ ውስጥ ግን የ7 ዶላር ኖት አለ፤ ያውም ዳቦ የሚገዛ ሕጋዊ ገንዘብ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 ዊንስተን የተባለ ከባድ አውሎ ነፋስ ፊጂን መትቶ 44 ሰዎች ሞቱ፤ መንደሮች ፈራረሱ። ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላ የአገሪቱ ራግቢ ቡድን፣ በአንድ ወገን ሰባት ሰው በሚሰለፍበት ውድድር፣ ሪዮ ላይ ታላቋ ብሪታንያን 43 ለ 7 አሸንፎ ወርቅ ወሰደ። ለፊጂ የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ናት፤ ያውም የቀድሞ ቅኝ ገዢዋን ረትታ! በ2017 ማዕከላዊ ባንኳ የጀግኖቹን ምስል በ7 ዶላር ኖት ላይ አተመ።

“ታዲያ ባንኩ ምን ይጠቀማል?” ካላችሁ ሂሳቡ ቀላል ነው። አንድን ኖት ለማተም የሚወጣው ወጪ ከኖቱ ዋጋ በጣም ያንሳል። እናንተ 7 ዶላር ከፍላችሁ ኖቷን ፍሬም ውስጥ አስገብታችሁ ግድግዳ ላይ ከሰቀላችኋት፣ ለባንኩ ያለወለድ አበደራችሁት ማለት ነው። ሰብሳቢ በበዛ ቁጥር ገቢውም ይበዛል።

መንገዱን ሌሎችም ሄደውበታል። ሰለሞን ደሴቶች በ2018 የነፃነታቸውን 40ኛ ዓመት በ40 ዶላር ኖት አክብረዋል።

ያሳሰበኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ፊጂ የቻይና የሀብት አምላክ ያለበት የ88 ሳንቲም ኖት አወጣች። በቻይናውያን ዘንድ 8 የዕድል ቁጥር ነው። ፊጂ ውስጥ ቻይናዊ ዝርያ ያላቸው ዜጎች ስላሉ ጭራሽ ባዕድ ናት አልልም። ግን እውነቱን እንነጋገር፣ 88 ሳንቲም ይዞ ገበያ የሚወጣ ማን ነው? ኖቷ የታሰበችው ለሰብሳቢ ነው።

ትንሽ አገር ኖት ሸጣ ብታተርፍ ነውር የለውም። የኔ መለኪያ አንድ ብቻ ናት፦ ያገሬው አያት ኖቷን ይዛ ለልጅ ልጇ የምትተርከው ነገር አላት ወይ? በሰባቷ ዶላር ላይ አውሎ ነፋሱም ወርቁም አለ። በ88ቱ ሳንቲም ላይ ግን ለብዙዎቹ የፊጂ አያቶች ከዋጋው በቀር የሚተረክ የለም።