የወር አበባ ሲዛባ በግምት መድኃኒት አይወሰድ
ስለ ፒሲኦኤስ እና ስለ ሆርሞን መንስኤዎቹ ለልጃገረዶች፣ ለሴቶችና ለቤተሰብ የቀረበ ማሳሰቢያ

የወር አበባዋ ለወራት የቀረባት ልጃገረድ ቤት ውስጥ የምትሰማው ብዙ ጊዜ «ብርድ መትቶሽ ነው» ወይም «ስታገቢ ይስተካከላል» የሚል ነው። ያ ካልሆነም በጥርጣሬ ዓይን ትታያለች። አገጯ ላይ ጠቆር ያለ ጸጉር ሲበቅል ተደብቃ ትላጫለች፤ ብጉሩን በክሬም ትሸፍናለች። ከእነዚህ ምልክቶች ጀርባ ግን ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም፣ ባጭሩ ፒሲኦኤስ የሚባለው የሆርሞን መዛባት ሊኖር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ 100 ሴቶች ከ8 እስከ 13 የሚሆኑት ይህ ችግር አለባቸው፤ ከእነሱም እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት አልተመረመሩም።

ይህ ማሳሰቢያ የወጣው ምልክቱን ችላ ከማለትም ሆነ ሳይመረመሩ በግምት ከመታከም እንድትጠበቁ ነው።

መንስኤው ምንድን ነው?

እንቁላል በየወሩ እንዲበስል የምታዘው አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ እጢ ናት። ኤፍኤስኤች የሚባለው ሆርሞኗ እንቁላል የያዘውን ከረጢት ያሳድጋል። ኤልኤች የሚባለው ደግሞ እንቁላል የሚመረትበት ኦቫሪ የወንዴ የሚባሉትን ሆርሞኖች እንዲሠራ፣ የበሰለውም እንቁላል እንዲለቀቅ ያደርጋል። የወንዴ ይባሉ እንጂ በእያንዳንዷ ሴት ሰውነት ውስጥ በጥቂቱ አሉ፤ የሴቴው ሆርሞን ኤስትሮጅን የሚሠራውም ከእነሱ ነው። ፒሲኦኤስ ባለባቸው ብዙ ሴቶች ኤልኤች ይበዛል፤ ኤፍኤስኤች ግን እንቁላል ለማብሰል የሚበቃውን ያህል አይሆንም። በዚህ ምክንያት የወንዴው ሆርሞን ይጨምራል፤ ሳይበስሉ የቀሩ ትናንሽ ከረጢቶችም ኦቫሪ ውስጥ ይከማቻሉ። እንቁላል ካልተለቀቀ የወር አበባ ጊዜውን ይስታል።

ሌላው ትልቅ ምክንያት የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ኢንሱሊን ነው። የሰውነት ሕዋሳት ለኢንሱሊን እንደሚገባ ምላሽ ካልሰጡ ቆሽት ይህን ለማካካስ አብዝቶ ያመነጫል። የበዛው ኢንሱሊን ኦቫሪ የወንዴ ሆርሞን እንዲጨምር ይገፋፋል። ጉበትም ይህን ሆርሞን አስሮ የሚይዘውን ፕሮቲን እንዲቀንስ ያደርጋል። ስለዚህ ሳይታሰር በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ቴስቶስቴሮን የሚባለው የወንዴ ሆርሞን ይበዛል። የፊት ጸጉሩ፣ አልጠፋ ያለው ብጉርና የራስ ጸጉር መሳሳት የሚመጡት ከዚህ ነው። አንገት ዙሪያና ብብት ሥር የሚታየው የጠቆረና የሻከረ ቆዳም የኢንሱሊን መብዛት ምልክት እንጂ የንጽሕና ጉድለት አይደለም፤ ቢፈትጉት አይለቅም።

ውፍረት ችግሩን ያባብሰዋል፤ ቀጫጭን ሴቶችንም ግን ይይዛል። በቤተሰብ ውስጥ የመተላለፍ ባሕርይ ስላለው እናቷ ወይም እህቷ ያለባት ሴት ይበልጥ መጠንቀቅ ይገባታል። በሴቲቱ ጥፋት የመጣ በሽታ አይደለም።

ችላ ቢባል ምን ያስከትላል?

እንቁላል ሳይለቀቅ ሲቀር ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን በበቂ መጠን አይመረትም። የማሕፀን የውስጥ ሽፋን በኤስትሮጅን ብቻ እየወፈረ ይሄዳል፤ ይህ ለዓመታት ከቀጠለ የማሕፀን ካንሰር የመያዝ ዕድልን ይጨምራል። ሐኪሞች የወር አበባ ከ90 ቀን በላይ እንዳይዘገይ የሚጠነቀቁት ለዚህ ነው። ከዚህም ሌላ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ፣ በእርግዝና ጊዜ የሚከሰት ስኳር፣ የደም ግፊት፣ ጭንቀትና ድብርት ፒሲኦኤስ ባለባቸው ሴቶች ላይ በብዛት ይታያሉ።

መመርመር ያለባት ማን ናት?

የወር አበባ በጀመረ በመጀመሪያው ዓመት ቢዘበራረቅ የተለመደ ነው፤ ልጅቷንም ሆነ ቤተሰቧን ሊያስደነግጥ አይገባም። ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ግን ወደ ጤና ተቋም ይኬድ፦

• 15 ዓመት ሞልቷት የወር አበባ ያላየች ልጅ፤
• የወር አበባ ካየች ከ1 እስከ 3 ዓመት የሆናትና ከአንዱ የመጀመሪያ ቀን እስከ ቀጣዩ የመጀመሪያ ቀን ከ45 ቀን በላይ ወይም ከ21 ቀን በታች የሚሆንባት፤
• 3 ዓመት ያለፋትና ከ35 ቀን በላይ ወይም ከ21 ቀን በታች የሚሆንባት፣ ወይም በዓመት ከ8 ጊዜ በታች የምታይ፤
• ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ አንድ ጊዜም ቢሆን ከ90 ቀን በላይ የቆየባት፤
• አገጯ፣ ደረቷ ወይም ሆዷ ላይ ወፍራም ጸጉር የበቀለባት።

ድምፅ መጎርነንና የጸጉር መብዛት በጥቂት ወራት ውስጥ ተከታትለው ከመጡ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይታይ፤ የወንዴ ሆርሞን የሚያመነጭ ዕጢ ሊሆን ይችላል። የሚፈሰው ደም ሞዴስን በየሰዓቱ የሚያረጥብ ከሆነም ድንገተኛ ሕክምና ያስፈልጋል።

ከእነዚህ ተጠንቀቁ

1. የወር አበባ «ማምጫ» እየተባለ የሚሰጥ ክኒን ሳይመረመሩ አትውሰዱ። የወር አበባ ሲቀር መጀመሪያ የሚታየው እርግዝና መኖር አለመኖሩ ነው። የታይሮይድ ችግርና ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን መብዛትም የወር አበባን ያስቀራሉ፤ ሕክምናቸው ግን የተለያየ ነው።

2. ለመወፈር ሲባል ዴክሳሜታዞንን፣ ፊት ለማቅላት ሲባል ክሎቤታሶል ያለበትን ክሬም አትጠቀሙ። እነዚህ ስቴሮይዶች አለልክና ለረዥም ጊዜ ሲወሰዱ የፊት ማበጥ፣ ውፍረት፣ ብጉር፣ የጸጉር መብዛትና የወር አበባ መዛባት ያመጣሉ። ምልክታቸው ፒሲኦኤስን ስለሚመስል ሐኪሙንም ያሳስታል። ለረዥም ጊዜ የወሰደች ሴት በድንገት ብታቋርጥም አደጋ አለው፤ ለሐኪሟ ትንገር።

3. በመርፌ የሚሰጠውን የሦስት ወር የእርግዝና መከላከያ የምትወስድ ሴት የወር አበባዋ ቢቀር የመድኃኒቱ የታወቀ ውጤት ነው። በዚህ ብቻ ፒሲኦኤስ አለባት አይባልም።

4. ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮኤት ፒሲኦኤስን የሚመስል ችግር ሊያመጣ፣ ጽንስንም ሊጎዳ ይችላል። ቢሆንም በራሳችሁ አታቋርጡ፤ የሚጥለው ሕመም ሊበረታ ይችላልና። መድኃኒቱን የሚቀይረው ሐኪም ነው።

5. በአልትራሳውንድ ብቻ «ኪስት አለብሽ» ተብላችሁ ለቀዶ ሕክምና አትቸኩሉ። የሚታዩት ብዙውን ጊዜ ያልበሰሉ የእንቁላል ከረጢቶች ናቸው፤ በጤነኛ ወጣቶችም ኦቫሪ ላይ ይታያሉ። ስለዚህ የወር አበባ ካየች 8 ዓመት ያልሞላትን ልጅ ፒሲኦኤስ አለባት ለማለት አልትራሳውንድ መመዘኛ አይሆንም።

6. ለስኳር በሽታና ለፒሲኦኤስ የሚታዘዘውን ሜትፎርሚን ከጓደኛ አትጋሩ። ይህ መድኃኒት ለረዥም ጊዜ ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ይቀንሳል። ቫይታሚኑ በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት በመሆኑ አጽዋማትን አብዝታ የምትጾም ሴት ይህን ለሐኪሟ ትንገር፤ ደሟም ይታይላት። ከምግብ ጋር የሚወሰድ መድኃኒት ስለሆነ በጾም ወራት ሰዓቱ እንዴት እንደሚስተካከልም ትጠይቅ።

ሐኪም ዘንድ ምን ይጠበቃል?

ለፒሲኦኤስ አንድ ብቻውን የሚበቃ ምርመራ የለም። ሐኪሙ የወር አበባን ታሪክ ይጠይቃል፣ ቆዳንና ጸጉርን ያያል፣ ክብደትና የደም ግፊት ይለካል፤ የሆርሞንና የስኳር የደም ምርመራም ያዛል። በአዋቂ ሴት ላይ ከሦስት ነገሮች ሁለቱ ሲገኙ ፒሲኦኤስ ይባላል፤ እነሱም የወር አበባ መዛባት፣ የወንዴ ሆርሞን መብዛት እና በአልትራሳውንድ የታየ የከረጢት ብዛት ናቸው። በታዳጊዎች ላይ ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የግድ አብረው መገኘት አለባቸው። በሁሉም ዕድሜ ግን ፒሲኦኤስን የሚመስሉ ሌሎች በሽታዎች አለመኖራቸው መጀመሪያ በምርመራ ይጣራል።

ፈጽሞ የሚያጠፋው መድኃኒት ባይኖርም መቆጣጠር ይቻላል። አዘውትሮ መንቀሳቀስና አመጋገብን ማስተካከል የሕክምናው መሠረት ነው፤ ወፍራም የሆነች ሴት ከክብደቷ 5 በመቶ ያህል እንኳ ብትቀንስ ለውጥ ልታይ ትችላለች። ምስር፣ ሽሮና ጎመን የለመደ ማዕድ ለዚህ የተመቸ ነው፤ መቀነስ ያለበት ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ለስላሳ መጠጥና ነጭ ዳቦ ነው። የወር አበባን ለማስተካከልና የማሕፀንን ሽፋን ለመጠበቅ የሆርሞን ክኒን ይታዘዛል። ገና ያላገባች ልጅ የእርግዝና መከላከያ ክኒን ቢታዘዝላት ለሆርሞኗ ሕክምና እንጂ ለሌላ እንዳልሆነ ወላጆች ይረዱ።

ፒሲኦኤስ መካንነት ማለት አይደለም። መውለድ ለሚፈልጉ እንቁላል እንዲለቀቅ የሚረዳ ሌትሮዞል የሚባል መድኃኒት አለ። የወር አበባ ስለተዛባ ብቻ «አላረግዝም» ብሎ መዘናጋትም ያልታሰበ እርግዝና ያስከትላል። ልጅ የዘገየባቸው ባልና ሚስት አብረው ይመርመሩ፤ የባል የዘር ፈሳሽ ሳይታይ ሚስትን ብቻ ማመላለስ ጊዜና ገንዘብ ያባክናል።

ከዛሬ ጀምሮ የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን በየወሩ ይመዝገብ። ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ መዝገቡን፣ የምትወስዱትን ክኒንና የምትቀቡትን ክሬም ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። እናቶች፣ ልጃችሁን ከመቆጣታችሁ በፊት አብራችኋት ሂዱ።