ኮሊ ውሻ ለማሳደግ ለሚያስቡ





አንዳንድ የመንግሥት ሠራተኞች ኮሊ የሚባለውን ጠጉረ ረጅም የፈረንጅ ውሻ ለማሳደግ ሲመኙ እሰማለሁ። ምኞቱ አያስነቅፍም፤ ዳሩ ግን ይህ ውሻ በብርዳማው በስኮትላንድ በግ ሲጠብቅ የኖረ ዘር ነው። ነፋሻ በሆነው በኦቾሎ ገደል አናት ይቀለው ይሆናል፤ ከታች በአርባ ምንጭ ሙቀት ግን ጥላ፣ በቂ ውሃ፣ ጧትና ማታም መንሸራሸር ያሻዋል። ሥራ ፈትቶ ከታሰረ ሲጮኽ ይውላል፤ ሲፈታም ልጆችን እንደ በግ ልንዳ ይላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመድኃኒቱ ነገር ነው። በአገራችን ከብት ለሆድ ትልና ለእከክ የሚወጋው ኢቨርሜክቲን በከብት ልክ ቢሰጠው ኮሊን ሊገድለው ይችላል። ከ100 ኮሊዎች 70 ያህሉ መድኃኒቱን ከአንጎል የሚያግደውን ኃይል የሚያጎድል የዘር ጉድለት ተሸካሚዎች ናቸውና። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪም መርፌውን ከማንሣቱ በፊት «ውሻው ኮሊ ነው» ብለን እንንገረው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱም በየዓመቱ አይታለፍ፤ ጎረቤትንም ያድናልና።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ጊዜ የሌለው ሰው ያገራችንን ውሻ አስከትቦ ቢያሳድግ ይሻለዋል።

ከኦቾሎ፣ አንድ አንባቢ