ለከበሮ መግዣ ፕሮፖዛል?

ለመሆኑ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የሰፈር የቲያትር ቡድን ምን ያህል ገንዘብ ይበቃዋል? ለመጋረጃ፣ ለከበሮና ለመለማመጃ ክፍል ኪራይ የሚሆን ካገኘ፣ ሌላውን ወጣቶቹ በጉልበታቸው ይሞሉታል። ረጂዎች ግን ይህን ጥቂት ብር ለመስጠት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ፕሮፖዛልና የኦዲት ሪፖርት ይጠይቃሉ። ስለዚህ ገንዘቡ ከበሮ ለሚመታው ሳይሆን ወረቀት ለሚያሳምረው ይደርሳል፤ «የሕዝብ ተሳትፎ» የተባለውም በሆቴል አዳራሽ ዐውደ ጥናት ተጀምሮ እዚያው ያልቃል።

ሕጉ ነው እንዳይባል፣ በመብት ጉዳይ የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙትን ገንዘብ በ10 በመቶ የገደበው የ2001ቱ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. ተሽሯል። የቀረው ሰበብ «ገንዘቡ ይባክናል» የሚለው ነው። እድር ግን ያለ ፕሮፖዛል ድንኳን ገዝቶ፣ ሒሳቡን በአባላቱ ፊት እያነበበ ኖሯል። የሰፈር ቡድንም እንዲሁ ያድርግ! በአንድ ገጽ አማርኛ ይጠይቅ፤ ትርኢቱን ባሳየበት መድረክ ላይ ወጪውን ለተመልካቹ ያንብብ። ጎረቤቱን የሚያፍር ሰው ኦዲተር ከሚፈራው ይበልጥ ይጠነቀቃል።

ወጣቱ ስለ ሰፈሩ ውሃና መንገድ መድረክ ላይ ካልተናገረ የት ይናገር?