አሳማ የማይበላ ሰው ሪጋ ሄዶ ምን ይበላል?

የዚህ ሳምንት ጨዋታችን ከአንዲት እህታችን ደብዳቤ የመጣ ነው። ለትምህርት ወደ ላትቪያ፣ ሪጋ ከተማ ልትሄድ ተዘጋጅታለች። ጨንቋታል። ያስጨነቃት ግን ብርዱም ትምህርቱም አይደለም፤ ምግቡ ነው። «ጓደኞቼ ‹እዚያ አገር ከአሳማ ሌላ አይበላም› እያሉ ያሳቅቁኛል። እናቴ ሻንጣዬን በበርበሬና በበሶ ሞልታዋለች። ሰው ምግብ ቤት ሲጋብዘኝ ምን ልበል? ከዶርም ሳልወጣ የራሴን እየሠራሁ ብኖር አይሻልም ወይ?» ትላለች።

አይሻልም! ቁርጡን ልንገርሽ እህቴ። በርበሬሽንም በሶሽንም ያዢ፤ እናትሽ ልክ ናቸው። ነገር ግን በሰው አገር ጓደኛ የሚገኘው ገበታ ላይ ነው። ሁልጊዜ «አልመጣም» የምትል ልጅን አንዴ ይጋብዟታል፣ ሁለቴ ይጋብዟታል፣ በሦስተኛው ይተዋታል። ከዚያ ክረምቱ ሲመጣ ከግድግዳ ጋር መነጋገር ነው። ስለዚህ የሚበላውንና የማይበላውን ለይተሽ ሂጂ። እኔም በአንድ ወቅት ሪጋ ጥቂት ሳምንታት ስለነበርኩ የማውቀውን ላካፍልሽ።

ጓደኞችሽ ያሉት ግማሹ እውነት ነው። አሳማ እዚያ አገር የማይገባበት የለም። «ካርቦናዴ» የሚሉት በእንቁላልና በዱቄት ተለውሶ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ነው። «ኮትሌቴ» የተፈጨ ሥጋ ነው፤ ብዙ ጊዜ አሳማ አለበት። ከሁሉም የሚያታልለው «ፒራጊ» ነው። ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ትንሽ ትኩስ ዳቦ ናት፤ ስታዪያት ታስጎመጃለች። ሆዷ ውስጥ ያለው ግን ሽንኩርትና «ስፔኪስ» ነው፤ ማለትም በጭስ የደረቀ የአሳማ ጮማ! የጥቅል ጎመን ወጡም ቢሆን በአሳማ ስብ ሊሠራ ይችላል።

መፍትሔው መጠየቅ ነው። «ቫይ ታያ ኢር ጹክጋልያ?» ብትዪ «አሳማ አለበት ወይ?» ማለት ነው። «ያ» ካሉሽ አዎ፣ «ኔ» ካሉሽ የለበትም ነው። «ቤዝ ጹክጋልያስ» ደግሞ «ያለ አሳማ» ማለት ነው። ክርስቲያንም ሆንሽ ሙስሊም ይቺን በቃልሽ ያዥያት። ምን ያሳፍራል? አስተናጋጁ የሰው ምርጫ ይሰማል እንጂ አይቆጣም።

አሁን ወደሚበላው እንሂድ። በመጀመሪያ ጥቁሩ የአጃ ዳቦ፣ «ሩፕማይዜ»። በእርሾ የሚቦካ፣ ጠቆር፣ ኮምጠጥ ያለ ነው። እንጀራ ያደገበት ምላስ ኮምጣጣውን ቶሎ ይለምደዋል። ከእሱ ጋር «ሲልኬ አር ቢየዝፒየኑ» እዘዢ። በጨው የተዘፈዘፈ ዓሣ፣ የተቀቀለ ድንችና… አይብ! አዎ፣ የእኛው አይብ የመሰለ።

«ካርቱፔልዩ ፓንኩካስ» የሚባለው ደግሞ ተፈቅፍቆ በዘይት የተጠበሰ ድንች ነው፤ ከኮምጣጣ ክሬም ጋር ይቀርባል። ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል የለም። በበጋ «አውክስታ ዙፓ» ጠይቂ። በቀይ ሥር፣ በኪያር፣ በእንቁላልና እርጎ በመሰለው ከፊር የሚሠራ ቀዝቃዛ ሾርባ ነው። ቀለሙ ደማቅ ሮዝ ስለሆነ ሊያስደነግጥሽ ይችላል፤ አትፍሪው። አንዳንዱ ቤት ግን ቋሊማ ቆራርጦ ይጨምርበታልና ቅድም ያልኩሽን ጥያቄ አትርሺ።

«ፔሌኪየ ዚርኚ» የሚሉት ግራጫ አተር በቁሙ ንፍሮ ነው! የገና ምግባቸው ሲሆን፣ ሳህኑን ጨርሶ የበላ በመጪው ዓመት እንባ አያፈስም ይላሉ። ችግሩ ላዩ ላይ የተጠበሰ ስፔኪስ የሚነሰነስበት መሆኑ ነው። ከመነስነሱ በፊት ያለሱ እንዲሰጡሽ ተናገሪ።

ለጣፋጭ «ሩፕማይዜስ ካርቶዩምስ» አለ። የተፈረፈረ የአጃ ዳቦ፣ የፍራፍሬ ማርማላታና የተመታ ክሬም በየተራ ተደርድሮ ይቀርባል። ለመጠጥ ከዳቦ የሚጠመቀውን «ክቫስ» ቅመሺ፤ የጠላ ታናሽ ወንድም በይው። «ጥቁር ባልሳም» የሚባለውን የሪጋ መጠጥ ሲጋብዙሽ ግን አደራ! የአልኮል መጠኑ 45 በመቶ ነው፤ በብርጭቆ የሚጨለጥ አይደለም።

ጾም ነው እንዴ? ያኔ ክሬሙና ቅቤው ያስቸግርሻል። ቢሆንም የአጃ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ቀይ ሥር፣ እንጉዳይና ያለ ስፔኪስ የቀረበ አተር ካለ ማን ተርቦ ያድራል?

የት ልብላ ካልሽ ደግሞ፣ ለተማሪ ኪስ የሚስማማው «ኤድኒጻ» የሚባለው ካፍቴሪያ ነው። ትሪ ይዘሽ ትሰለፊያለሽ፣ ዓይንሽ ያየውን በጣትሽ ታሳዪያለሽ፣ ከፍለሽ ትቀመጫለሽ። «ሊዶ» የሚባሉት ምግብ ቤቶችም አሠራራቸው እንደዚሁ ነው። ቋንቋ ለማይችል ሰው ግሩም ነው። በሥራ ቀን እኩለ ቀን ላይ ብዙ ቤቶች ረከስ ያለ የዕለቱ ምሳ ስላላቸው ዋናውን ምግብሽን ምሳ ላይ አድርጊው። ቅዳሜ ቅዳሜ ማዕከላዊ ገበያ ውረጂ። በ1930 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሲሆን፣ አዳራሾቹ የተሠሩት ከጀርመን የአየር መርከብ ማቆሚያዎች ነው። በጭስ የደረቀ ዓሣውን፣ አይቡን፣ ዳቦውን እየዞርሽ ታያለሽ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ ስትደርሺ የመጀመሪያው ግብዣ ከእነሱ ይሁን፤ ሄደሽ ድንችሽን አብረሻቸው ብዪ። ሁለተኛው ግን ከአንቺ ይሁን። ከእናትሽ በርበሬ ቆንጠር አድርገሽ ሽሮም ሆነ ምስር ሥሪና ጥሪያቸው። ሲያላባቸው ውኃ አቀብያቸው! ያኔ በሻንጣ የተሸከምሽው ሁሉ ሥራውን ሠራ ማለት ነው።

እናንተስ፣ ከአገር ወጥታችሁ ምግብ ያስቸገራችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ለመንገደኛዋ እህታችን «ላቡ አፐቲቲ» ብያለሁ፤ መልካም ምግብ ማለት ነው። ሳምንት እንገናኝ፣ ሰላም ሁኑ።