የተለመነ ነጥብ

ሚዛን ለነጋዴ፣ ነጥብ ለተማሪ፣ ምስክርም ለዳኛ ያስፈልጋል። ሦስቱም የቆሙት በአንድ መሠረት ላይ ነው፤ ይኸውም እውነት ነው። ሚዛኑ ከተነካ፣ ነጥቡ ከተለመነ፣ ምስክሩም መማለጃ ከበላ፣ ንግዱም ትምህርቱም ፍርዱም ስማቸው ብቻ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ የምናገረው ትንሽ ስለሚመስል ነገር ነው፤ በአሜሪካ አገር ሰው መኪና ከገዛ በኋላ «በአገልግሎታችን ረክተዋልን?» ተብሎ ስለሚላክለት መጠይቅና በዚያ መጠይቅ ላይ ስለሚሞላው የሐሰት ነጥብ። ከእናንተ ከወጣቶቹ ብዙዎቻችሁ በዚያ አገር ትኖራላችሁ፤ ሌሎቻችሁም ወንድም ወይም እኅት በዚያ አላችሁ። ደግሞም ከትንሽ ውሸት ጋር የተወዳጀ ሰው ትልቁ ሲመጣ በሩን ለመዝጋት ጕልበት አያገኝም።

አስቀድሜ አሠራሩን ላስረዳ። በአሜሪካ አዲስ መኪና የሚሠራው ኩባንያ ብዙውን ጊዜ ለገዢው ራሱ አይሸጥም፤ የሚሸጡት ከኩባንያው ጋር ውል የገቡ፣ የራሳቸው ባለቤት ያላቸው መሸጫ ቤቶች ናቸው። እንግዲህ ፋብሪካው ገዢውን በዓይኑ አያየውም። ሻጩ ገዢውን በትሕትና ተቀበለው ወይስ አንገላታው፣ ቃል የተገባለት ተፈጸመለት ወይስ ቀረበት፣ መኪናው ለጥገና ሲገባ በሚገባ ተሠራ ወይስ ታጥቦ ብቻ ተመለሰ፣ ይህን ሁሉ ለማወቅ ፋብሪካው ገዢውን ይጠይቃል። ግዢው ወይም ጥገናው ከተፈጸመ ከጥቂት ቀን በኋላ መጠይቁ በኢሜል ወይም በስልክ ይመጣል። ሐሳቡ መልካም ነው። ሰውን ጠይቆ ጕድለትን ማረም የብልህ ነጋዴ ሥራ ስለ ሆነ፣ ነቀፋዬ በመጠየቁ ላይ አይደለም።

ይህ ልማድ በመኪና ንግድ ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1968 ዓ.ም. ጄ. ዴቪድ ፓወር በካሊፎርኒያ በስማቸው የሚጠራውን ድርጅት አቋቋሙ፤ ድርጅቱም የመኪና ገዢዎችን አስተያየት እየሰበሰበ በማቅረብ ስሙ ታወቀ። በዚሁ አቈጣጠር በ2003 ፍሬድ ሬይክሄልድ የተባሉ የንግድ ዐዋቂ አንድ ጥያቄ አቀረቡ፤ «ይህን ድርጅት ለወዳጅዎ ይመክራሉን?» የሚል ሲሆን፣ መልሱ ከ0 እስከ 10 ባለው ነጥብ ይሰጣል። በእርሳቸው አቈጣጠር 9 ወይም 10 የሰጠ አወዳሽ ነው፤ 7 ወይም 8 የሰጠ ከመካከል የቆመ ነው፤ 6ና ከዚያ በታች የሰጠ ነቃፊ ነው። ጥያቄው አጭርና ግልጽ ስለ ሆነ ከመኪናው ንግድ አልፎ በባንኩም፣ በሆቴሉም፣ በሆስፒታሉም ተስፋፋ።

ነገሩ የተበላሸው ነጥቡ ከገንዘብ ጋር በታሰረ ጊዜ ነው። ብዙ ፋብሪካዎች ለመሸጫ ቤቱ ከሚከፍሉት የማበረታቻ ገንዘብ ከፊሉን በዚህ ነጥብ ይወስናሉ፤ መሸጫ ቤቱ ደግሞ ሸክሙን ወደ ሻጩና መኪና ወደሚቀበለው የጥገና ሠራተኛ ያወርደዋል። በብዙ ቦታም ከሙሉ ነጥብ በታች የሆነው ሁሉ እንደ ወደቀ ይቈጠራል። እንግዲህ ሻጩ ቁልፉን ሲያስረክብ የመጨረሻ ቃሉ «መኪናው ይባረክልህ» መሆኑ ቀርቶ «መጠይቁ ሲመጣ እባክህ 10 ስጠኝ» ሆነ። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ዐዋቂ ቻርልስ ጉድሃርት በ1975 ያሳሰቡት ይህንኑ የመሰለ ነገር ነበር፤ መለኪያ ራሱ ግብ ሲሆን መለኪያነቱ ይጠፋል። ሬይክሄልድም ራሳቸው በ2021 ከጓደኞቻቸው ጋር በጻፉት ጽሑፍ የፈለሰፉት መለኪያ ከሠራተኛ ጉርሻ ጋር በመታሰሩ እንደ ተበላሸ ተናግረዋል። ለምሳሌ ከጠቀሷቸው ነውሮች መካከል «10 ካልሰጣችሁኝ ከሥራ እባረራለሁ» የሚለው ልመናና ለ10 ነጥብ የሚቀርበው የነጻ ዘይት ቅያሪ ይገኛሉ።

አንድ የእኅቴ ልጅ በቨርጂኒያ አዲስ መኪና ገዛ። ሻጩ ያገር ልጅ ነበር። «ሁለተኛው ቁልፍ ለጊዜው አልተገኘም፤ በሳምንት ውስጥ እንሰጥሃለን። በኋለኛው በር ላይ ያለውንም ጭረት እናስቀባልሃለን» አለው። ይህ ሁሉ በቃል ነበር እንጂ በወረቀት የሰፈረ ነገር አልነበረም። መጠይቁ በመጣ ዕለት ሻጩ ደውሎ «ወንድሜ፣ ከ10 በታች ከሆነ ለእኔ ዜሮ ነው፤ ልጆች አሉኝ» ሲል ለመነው። ልጁም ይሉኝታ ይዞት፣ ቁልፉን ሳይቀበል፣ ጭረቱም ሳይቀባለት፣ በጥያቄው ሁሉ 10 ሞላ። «ቃል የተገባልዎ ሁሉ ተፈጽሟልን?» ለሚለውም «አዎን» ብሎ መለሰ። ከዚያ በኋላ ስለ ቁልፉ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በሦስተኛው ጊዜ የመሸጫ ቤቱ ሹም መዝገቡን ገልጦ «እርስዎ እኮ ሁሉም ተፈጽሞልኛል ብለው ሞልተዋል» አለው። በገዛ ምስክርነቱ ተረታ።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስሁት የተማሪ ደብተር በማረም ነው። ነጥብ ለመለመን የሚመጣ ተማሪ አላጣሁም፤ ዶሮ ይዞ የሚመጣ ወላጅም ነበር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ መምህራን ግን ነጥብ ስጦታ አይደለም፣ መልእክት ነው ብለው አሳድገውኛል፤ ተማሪው ምን እንዳወቀና ምን እንደ ቀረው የሚነግረው መልእክት ነው። በሒሳብ ለወደቀ ልጅ 100 የሰጠ መምህር ልጁን አልራራለትም፤ ጕድለቱን እንዳያውቅ ዓይኑን ሸፈነው፣ የሚቀጥለውንም ክፍል መምህር አታለለ። የመኪናውም መጠይቅ እንዲሁ ነው። ሰነፉም ትጉሁም 10 ካገኙ ትጉሁ ስለ ምን ይደክማል? ቃሉን የጠበቀው ሻጭ ቃሉን ካጠፈው በምን ይለያል? በልመና የተሰጠ 10 በእውነት የተገኘውን 10 ይሰርቀዋል።

የሚቀርቡትን መከራከሪያዎች ዐውቃቸዋለሁ። አንደኛው «ለእኔ ምን ይጐዳኛል? ጣቴን ማንቀሳቀስ ብቻ ነው» ይላል። የሚጐዳው ከአንተ በኋላ የሚመጣው ገዢ ነው። ያ ቤት በነጥቡ እየተኵራራ ማስታወቂያ ሲያወጣ፣ አንዲት ገና ከአገር ቤት የመጣች፣ እንግሊዝኛው ያልገባት እኅት ያንን አምና ትገባለች። በዚያም የብድሩን ወረቀት የሚያዘጋጀው ሹም ያልጠየቀችውን ተጨማሪ ዋስትና ጨምሮ ያስፈርማታል። ለእርሷ መንገዱን የጠረግህለት አንተ ነህ። ከዐሥርቱ ትእዛዛት አንዱ የሐሰት ምስክርነትን ሲከለክል፣ በጠላት ላይ የሚሰጠውን ብቻ አይደለም፤ ለወዳጅ ተብሎ የሚሰጠውም በሌላው ባልንጀራ ላይ ይወድቃል።

ሁለተኛው «ሻጩ ድኻ ነው፣ ልራራለት» ይላል። ርኅራኄ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ከራስ ኪስ ይወጣል እንጂ ከእውነት ላይ ተቈርሶ አይሰጥም። ለሻጩ ልጆች ከራራህ በበዓል ቀን ስጦታ ይዘህ ቤቱ ሂድ። ሻጩ ትጉህ ሆኖ ጥፋቱ የጋራዡ ወይም የብድር ክፍሉ ከሆነ ደግሞ ያንኑ ለይተህ በአስተያየት መስጫው ቦታ ጻፍ። ስሙን ጠርተህ አመስግነው፤ ጥፋቱንም ከባለቤቱ ላይ አድርግ። ይህ ከጅምላ 10 ይልቅ ይጠቅመዋል።

ሦስተኛው መከራከሪያ ብርቱ ነው፤ «እነርሱ 8ን እንደ ውድቀት ካነበቡት፣ በእውነት የሰጠሁት 8 በእነርሱ ዘንድ ሐሰት ይሆናል፤ ስለዚህ በእነርሱ ቋንቋ 10 ማለት ይሻላል» የሚል ነው። በዚህ ላይ ሁለት ነገር እላለሁ። በእውነት ለረካህበት ነገር 10 መስጠት ተገቢ ነው፤ ከድሮ መምህራን አንዳንዶቹ ሙሉ ነጥብ የእግዚአብሔር ብቻ ነው እያሉ ይነፍጉ እንደ ነበረው መንፈግ ደግሞ ሌላ ግፍ ነው። ላልረካህበት ግን ንባቡን ያጣመመው ይጠየቅበት እንጂ አንተ ጽሕፈቱን አታጣምም። ቍጥሩ እውነትን የማይሸከም መስሎ ከታየህ በቃል አስረዳ፤ ያም ካልሆነ መጠይቁን ሳትሞላ ተወው። ዝም ማለት ሐሰት አይደለም።

ትልቁ ወቀሳ ግን በሻጩና በገዢው ላይ አይደለም፤ ይህን ወጥመድ በዘረጋው ፋብሪካና በመሸጫ ቤቱ ባለቤት ላይ ነው። የሠራተኛውን እንጀራ በእንግዳ ሰው ጣት ጫፍ ላይ አንጠልጥለው ሲያበቁ፣ ሠራተኛው ለመነ ብለው ሊገረሙ አይገባም። እውነቱን ለማወቅ ቢፈልጉ ኖሮ 8 የሰጠውን ሰው «ምን ጐደለ?» ብለው ይጠይቁት ነበር እንጂ ሠራተኛውን አይቀጡበትም ነበር። መስታወት ገዝቶ ፊቱ ቈሽሾ ባየው ጊዜ መስታወቱን የሚገርፍ ሰው አይቶ የማይስቅ ማን ነው?

አንዳንዶች ደግሞ «ዝቅ ያለ ነጥብ ብሰጥ ነገ ለጥገና ስሄድ ይበቀሉኛል» ብለው ይፈራሉ። ይህ ፍርሃት ካለማወቅ የሚመጣ ነው። የፋብሪካው ዋስትና በጽሑፍ የተሰጠ ውል እንጂ የነጥብ ዋጋ አይደለም። በ1975 የወጣው ማግነሰን ሞስ የተባለው ሕግ፣ ዘይት መለወጥን የመሰለውን የተለመደ ጥገና በሌላ ጋራዥ ስላስደረግህ ብቻ ዋስትናህ እንዲቀር አይፈቅድም። ለደኅንነት ሲባል በጥሪ የሚመለስ መኪና ያለ ክፍያ መጠገን አለበት፤ መኪናህ ተጠርቶ እንደሆነም 17 ፊደልና አኃዝ ባለው መለያ ቍጥሩ መመርመር ይቻላል። መላልሶ ተጠግኖ አልድን ያለ አዲስ መኪና በአሜሪካኖች አነጋገር «ሎሚ» ይባላል፤ ኮነቲከት በ1982 ገዢውን ከእንዲህ ያለው መኪና የሚጠብቅ ሕግ ካወጣ ወዲህ ሌሎቹም ግዛቶች ተከትለዋል። በ2016 የወጣ ሕግ ደግሞ ነጋዴ በተዘጋጀ ውሉ ገዢውን እውነተኛ አስተያየት እንዳይሰጥ እንዳያስር ከለከለ። በ2024 የጸናው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብም ለሕዝብ የሚታይ ምስክርነት ውዳሴ እንዲሆን በሚል ቅድመ ሁኔታ ዋጋ መክፈልን ከለከለ። ሕግ ለሕዝብ የሚነገረውን ይህን ያህል ከጠበቀ፣ በስውር ወደ ፋብሪካው የሚላከውን ኅሊና ሊጠብቀው አይገባምን?

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ምክሬ ይህ ነው። መኪናውን ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ያልተፈጸመው ነገር ሁሉ፣ ቁልፍም ይሁን ምንጣፍ፣ ጭረትም ይሁን ሰሌዳ፣ በወረቀት ሰፍሮ በሹሙ ይፈረም። ጕድለት ስታዩ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ መጠይቁን ሳትጠብቁ በቀጥታ ለሻጩ፣ ከዚያም ለአለቃው ንገሩ፤ ለማረም ጊዜ ስጡት። ካረመም ማረሙን መስክሩለት፤ የታረመ ጥፋት ምስጋና ይገባዋልና። መጠይቁን በሻጩ ጠረጴዛ ላይ፣ እርሱ በትከሻችሁ ላይ እያየ፣ አትሙሉ፤ በቤታችሁ ብቻችሁን ሆናችሁ ሙሉ። ስለ ነጥብ የሚቀርብላችሁን ነጻ ዘይት ቅያሪ አትቀበሉ። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ ነው፤ የዘይቱ ዋጋ በጥቂት ወር ያልቃል፣ ቃሉ የተሸጠ ሰው ግን ስሙን መልሶ አይገዛም።

ሻጭ ሆናችሁ የምትሠሩም ካላችሁ አትለምኑ። «ጕድለት ካለ አሁኑኑ ንገረኝ፣ ላስተካክል፤ ከዚያ በኋላ የታየህን ጻፍ» በሉ። እንዲህ የሚል ሻጭ ከአለቃው ጋር መጋጨቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ገዢው ወንድሙንና ጓደኛውን ይዞ ወደ እርሱ ይመለሳል። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል ይባላል። ምስክርነታችሁም እንዲሁ ነው፤ ሁልጊዜ 10 የሚል ምላስ ነገ እውነተኛውን 10 ሊናገር ቢወድ የሚያምነው አያገኝም።