ያደገው ገቢው ነው ወይስ ዶላሩ?

የሙግቱ ጥያቄ፦ የተጨማሪ እሴት ታክስን (ቫትን) ማስፋትና ደረሰኝን ማጥበቅ የሀገሪቱን ገቢ ያቃናል?

ያቃናል (ጡረታ የወጣ የሂሳብ ባለሙያ)

ታህሳስ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. አሮጌው የሽያጭ ታክስ ቀርቶ ቫት ሥራ ላይ ሲውል እኔ ሙሉ ቀን መዝገብ ላይ አጎንብሼ የምውል ሠራተኛ ነበርኩ። ነጋዴው «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ጣጣ ነው» እያለ ሲያጉረመርም እኔ ወደድኩት። ቫት ነጋዴን በነጋዴ ያስጠብቃል። አከፋፋዩ ሲገዛ የከፈለው ታክስ እንዲቀነስለት ከፈለገ ከአስመጪው ደረሰኝ መቀበል አለበት፤ ቸርቻሪውም እንደዚሁ ከአከፋፋዩ። ተቆጣጣሪ ባይኖር እንኳ አንዱ የደበቀውን የሌላው ወረቀት ያወጣዋል።

ይህ ሰንሰለት ግን በየቦታው ተበጥሷል። የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ ከሀገር ውስጥ ምርት 12 በመቶ አካባቢ የነበረው የፌዴራልና የክልሎች ታክስ ድርሻ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ወደ 7 በመቶ ግድም ወርዷል። ፎቁ ሲበዛ፣ ሆቴሉ ሲበዛ፣ ሰርጉ በየአዳራሹ ሲደገስ የመንግሥት ድርሻ እየሳሳ ሄደ ማለት ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ሀገሮችን ብናይ ኬንያ 16፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳ ደግሞ 18 በመቶ ቫት ያስከፍላሉ። የእኛ 15 ነው፤ ስለዚህ ችግሩ መጠኑ ከፍ ማለቱ አይደለም። ችግሩ ወንፊቱ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የቫት አዋጅ ቁጥር 1341/2016 ከወንፊቱ ቀዳዳዎች ጥቂቱን ደፍኗል። ከፍተኛ ጩኸት ያስነሳው የመብራቱ ጉዳይ ነበር። ለሃያ ዓመታት የቤት ኤሌክትሪክ በሙሉ ከቫት ነጻ ሆኖ ኖረ፤ «ለድሃው ሲባል» ነበር ምክንያቱ። እስቲ ሁለት ቆጣሪ ጎን ለጎን እንይ። አንዱ በኮንዶሚኒየም አንድ አምፖል፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ምጣድ የሚያንቀሳቅስ ነው። ሌላው በቪላ ሁለት ፍሪጅ፣ የውሃ ማሞቂያና የልብስ ማድረቂያ ያለው። ነጻ መሆኑ ብዙ የጠቀመው ማንን ነው? አሁን በወር እስከ 200 ኪሎዋት ሰዓት የሚፈጀው ቤተሰብ አይነካም፤ ከዚያ በላይ የሚፈጀው ይከፍላል። ይህን በድሃ ላይ የተጣለ ሸክም የሚሉትን ጽሑፎች አንብቤ ገርሞኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ሁሉም እያወቀ የሚዘልለው አለ። መንግሥት ታክስ ካልሰበሰበ ወጪውን አያቆምም። ወደ ብሔራዊ ባንክ ዞር ብሎ ይበደራል፤ ለዓመታት ያደረገውም ይህንኑ ነው። ያ ገንዘብ ገበያ ሲገባ የዋጋ ንረቱ በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ ሲወጣ አየን። ይህም ታክስ ነው፤ ልዩነቱ ደረሰኝ የለውም፣ ተመላሽ የለውም፣ ነጻ የሚያደርገውም እህል የለም። ደሞዝተኛውን እየበላ ከርሟል። ከዚያ ይልቅ በጠራራ ፀሐይ የሚቆረጥ 15 በመቶ ይሻለኛል።

አያቃናም (የነጋዴ ልጅ የሆነች ጸሐፊ)

ጋሼ ስለ ሰንሰለቱ የጻፉትን ለእናቴ አነበብኩላት። መርካቶ ጨርቃ ጨርቅ ትሸጣለች። «ሰውዬው ደግ ሰው ይመስላሉ፤ ግን ገዝተው አያውቁም» አለችኝ። ወደ እሷ እመለሳለሁ፤ አስቀድሜ ቁጥሩን።

12 በመቶው ወደ 7 የወረደው ሱቆች ደረሰኝ ስለማይቆርጡ ነው የሚለው ድምዳሜ ትልቁን ነገር ይደብቃል። ከቫታችን ትልቅ ድርሻ የሚሰበሰበው ሱቅ ላይ ሳይሆን ጉምሩክ ላይ ነው። ለዓመታት ዶላር ጠፋ፤ ዕቃ ከኢኮኖሚው ጋር በሚመጣጠን መጠን መግባት አቆመ፤ የገባውም በይፋዊው ርካሽ ምንዛሪ ተሰልቶ ተቀረጠ። በዚህ ላይ የሰሜኑ ጦርነት ተጨመረ። ሌላም አለ፤ ከኢኮኖሚያችን ሲሶ የሚሆነው ግብርና ነው፤ የገበሬውን ጤፍ ቫት አይነካውም፣ መንካትም የለበትም። ታክሱን በሀገር ውስጥ ምርት ስናካፍል ግን በአካፋዩ ቁጥር ውስጥ አለ። እርስዎ ወንፊት ያሉት ግማሹ ወደብ ነው።

አሁን ደግሞ ገቢው በብር ሲቆጠር ጨመረ እየተባለ ነው። በደንብ ይጨምራል እንጂ! ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሰኔ 2017 ከ130 ብር አልፏል። የ100 ዶላር ጣቃ ጨርቅ ጉምሩክ ላይ ቆሟል እንበል፤ ቀረጡንና ኤክሳይዝ ታክሱን ለጊዜው እንተዋቸው። በ57 ሲሰላ 5,700 ብር ነው፤ ቫቱ 855። በ130 ሲሰላ 13,000 ብር ነው፤ ቫቱ 1,950። ጣቃው ያው ጣቃ ነው፤ አንድ ክንድ አልረዘመም። ቀረጡንና ኤክሳይዙን ብንመልሳቸው ይብሳል፤ ቫት የሚሰላው እነሱ ከተደመሩ በኋላ በመሆኑ ታክስ በታክስ ላይ ይቆለላል። ይህን «የገቢ አሰባሰብ ስኬት» ብሎ ማጨብጨብ ቴርሞሜትሩን አሙቆ በሽተኛው ዳነ እንደማለት ነው።

ወደ እናቴ ልመለስ። አከፋፋዩ ጋ ሄዳ 10,000 ብር ከፍላ ጨርቅ ትገዛለች። ደረሰኝ ስትጠይቅ ሁለት መልስ አለ፤ «ያለ ደረሰኝ ነው፣ ከፈለግሽ ውሰጂ» ወይም የ10,000 ብር ዕቃ ወስዳ የ4,000 ብር ወረቀት። እሷ ግን የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን አላት፤ ተቆጣጣሪ በሩ ላይ ቆሟል። ዕቃውን 11,000 ብር ሸጠች፤ ትርፏ 1,000 ብር። ከ11,000 ውስጥ ያለው ቫት 1,434 ብር ከ78 ሳንቲም ነው። የግዢ ደረሰኝ ስለሌላት የሚቀነስላት የለም። 1,000 ብር አትርፋ 434 ብር ከኪሷ ጨምራ ትከፍላለች። ትክክለኛ ደረሰኝ ቢሰጣት ኖሮ 1,304 ብር ከ35 ሳንቲም ተቀንሶላት መንግሥት ከእሷ የሚደርሰው 130 ብር ግድም ብቻ ነበር።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. የመርካቶ ሱቆች በደረሰኝ ቁጥጥር ምክንያት ሲዘጉ ብዙ ሰው «ሌቦች ናቸው» አለ። ሌባ ጠፍቶ አይደለም። ዕቃ ሳይኖረው ደረሰኝ ብቻ የሚሸጥ ሰው እንኳ አለ። ነገር ግን ቁጥጥሩ የጀመረው ከሰንሰለቱ ጅራት ነው። ዕቃው ከጉምሩክ ሲወጣ በሰነድ ይወጣል፤ ስንት ጣቃ እንደገባ መንግሥት ያውቃል። አስመጪውን ትቶ ቸርቻሪዋን መያዝ ጎርፉን ከምንጩ ትቶ በደጃፍ በባልዲ መቅዳት ነው።

የመጀመሪያው ጸሐፊ መልስ

እህቴ፣ የእናትሽን ሂሳብ ሠርቼዋለሁ፤ ልክ ነው። በእሱ ላይ አልሟገትሽም። ይህ ግን ቫትን ማስፋት የሚደግፍ ማስረጃ ነው እንጂ የሚቃወም አይደለም። እናትሽን የጎዳት ታክሱ ሳይሆን ከላይዋ ያለው ሰው ከታክሱ ውጭ መቆሙ ነው። አስመጪውና አከፋፋዩ ገብተው ቢሆን ኖሮ እሷ 130 ብር ከፍላ ትገላገል ነበር።

ዶላሩን በተመለከተም ያልሽው እውነት ነው፤ መደምደሚያሽ ግን ወደ እኔ ያደላል። ገቢዋ በወደብ ላይ የተንጠለጠለ ሀገር ዶላር ሲጠፋ ደሞዝ መክፈል ያቅታታል። ለዚህ መድኃኒቱ ከሀገር ውስጥ ፍጆታ መሰብሰብ ነው፤ የሆቴሉ፣ የሕንፃ ሥራው፣ የማማከሩ፣ የመኪና ጥገናው። ሸማቹም ድርሻ አለው። ሩዋንዳ ደረሰኝ ለሚጠይቅ ሸማች ከቫቱ 10 በመቶ መመለስ ጀምራለች። እኛ ዘንድ ደግሞ ሻጩ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ይላል፤ ገዢው «የትኛው ይቀንሳል?» ብሎ ይመልሳል። ያን ጊዜ ሌባው አንድ ብቻ አይደለም። ለትንንሾቹም ቢሆን ለቫት መመዝገብን ግድ የሚያደርገው የዓመት ሽያጭ ጣሪያ ወደ 2 ሚሊዮን ብር ከፍ ተደርጎላቸዋል።

የሁለተኛዋ ጸሐፊ መልስ

2 ሚሊዮን ሲባል ትልቅ ይመስላል። ለ365 ቀን ያካፍሉት፤ በቀን 5,500 ብር አይሞላም። በዛሬ ዋጋ ይህ ሁለት ሦስት ቀሚስ ነው። በ1995 ዓ.ም. ጣሪያው 500,000 ብር ሲሆን ትልልቆቹን ብቻ ነበር የሚይዘው፤ ዋጋው እየናረ ሲሄድ ትንንሹን ሁሉ እየጎተተ አስገባው። አሁን ከፍ ያለው ጣሪያ የጠፋውን በከፊል መለሰ እንጂ አዲስ ስጦታ አይደለም።

የሩዋንዳው ሐሳብ ደስ ይለኛል፤ እርስዎም ያመጡት በቅን ልብ ነው። ነገር ግን ተመላሽ የሚገባው ላኪ ገንዘቡን ለማግኘት ወራት በሚጠብቅበት ሀገር፣ ለሸማች አሥር በመቶ ይመለሳል ሲባል ማን ያምናል? የቫት እምነት የሚጀምረው መንግሥት የሚመልሰውን በመመለሱ ነው።

እኔ የምጠይቀው የገቢ ሪፖርት ሲወጣ በሦስት ዓምድ እንዲወጣ ነው፤ ከጉምሩክ የተሰበሰበ፣ ከሀገር ውስጥ የተሰበሰበ፣ ተመላሽ የተደረገ። የጉምሩኩ ዓምድ በዶላርም ይሰላ። የሀገር ውስጡ ዓምድ ከዋጋ ንረቱ በላይ ካደገ እኔ በአደባባይ «ጋሼ አሸነፉ» ብዬ እጽፋለሁ። እስከዚያው ግን እናቴን ያለ ደረሰኝ የመጣ ጣቃ እንዳትገዛ እየለመንኳት ነው። እሷም መልሳ «ታዲያ ምን ልሽጥ?» ትለኛለች።